የላቦራቶሪ ሳይንቲስቱ ዶክትሬት፦ ከአቡ ዳቢና ከአል አይን ሲታይ

ሐኪም የደም ምርመራ ሲያዝዝ ውጤቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን አያገኘውም። ናሙናውን ይረከባል፣ መሣሪያውን ያስተካክላል፣ የጥራት ቁጥጥሩን አረጋግጦ ቁጥሩን ይልካል። ቁጥሩ ለዚያ ታካሚ ምን ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛውስ ከንቱ ወጪ እንደሆነ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የላቦራቶሪ ሙያ ማኅበራት ይህን የሥራ ክፍፍል ሲጠይቁ ቆይተዋል። የላቦራቶሪ ሳይንቲስቱ ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ የሚመካከርበት፣ ለዚያም የሚያበቃ ከፍተኛ የሙያ ዲግሪ የሚይዝበት ጊዜ ደርሷል ወይ?

ጥያቄው በአቡ ዳቢና በአል አይን ልዩ ክብደት አለው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኤምሬት ሥር ሆነው ዘመናዊ መሣሪያ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ያላቸው ላቦራቶሪዎችና ሰፊ የጂኖም መርሐ ግብር ይዘዋል። ናሙናውን የሚሠሩት ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ስለዚህ እዚህ ስለ ዲግሪ ሲነገር ስለ ሳይንስ ብቻ አይደለም የሚነገረው፤ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ማዕረግና በሌላ አገር የተገኘ ትምህርት ስለሚሰጠው ዋጋም ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቀላቅለው የሚነገሩ አራት ነገሮች

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደፈርሰው አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው የምርምር ዲግሪ ነው። ማስተርስና ፒኤችዲ አዲስ እውቀት ማፍለቅን ያስተምራሉ፤ ፈተናቸውም የመመረቂያ ጥናቱ ነው። ሁለተኛው የሙያ ዶክትሬት ሲሆን ሰውን ለተወሰነ የሥራ ኃላፊነት ያዘጋጃል፤ በሆስፒታል ውስጥ በተግባር ልምምድ ይታጀባል። ሦስተኛው የሙያ ማኅበር ወይም ቦርድ የሚሰጠው የልዩ ሙያ ምስክር ወረቀት ነው፤ ለምሳሌ በደም ባንክ፣ በሄማቶሎጂ ወይም በክሊኒካል ኬሚስትሪ። አራተኛው መንግሥት የሚሰጠው የሥራ ፈቃድና በፈቃዱ ላይ የሚጻፈው ማዕረግ ነው።

አንድ ሰው ሦስቱን ይዞ አራተኛው ሊጎድለው ይችላል። ፒኤችዲ ያለው ባለሙያ በፈቃዱ ላይ ቴክኖሎጂስት ተብሎ ሊሠራ ይችላል። በአንጻሩ ዶክትሬት ሳይኖረው በልዩ ፈተና ብቻ ከፍ ያለ ኃላፊነት የተሰጠውም አለ። የሚከተለው ታሪክ እንደሚያሳየው ልዩነት የፈጠረው አራተኛው፣ ማለትም ሥልጣኑ፣ ከሌሎቹ ጋር መገጣጠሙ ወይም አለመገጣጠሙ ነው።

ሁለት መነሻዎች፦ አሜሪካና ብሪታንያ

በአሜሪካ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ምዝገባ የተጀመረው በ1928 በክሊኒካል ፓቶሎጂስቶች ማኅበር ሥር ነው። አጀማመሩ ራሱ ሙያውን በሐኪሙ ክትትል ሥር አስቀመጠው። በ1988 የወጣው የክሊኒካል ላቦራቶሪዎች ሕግ ደግሞ ከተከተሉት ደንቦች ጋር ውስብስብ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ኃላፊ ወይ ሐኪም፣ ወይ ዶክትሬት ኖሮት በታወቀ ቦርድ የተመሰከረለት ሳይንቲስት እንዲሆን ደነገገ። በባችለር ዲግሪ ለሠለጠነው ሰፊ የባለሙያ ክፍል ከወንበሩ፣ ማለትም ምርመራውን በእጁ ከሚሠራበት ቦታ፣ ወደ ኃላፊነት የሚያወጣው መንገድ ሙያውን ትቶ ሕክምና ወይም ምርምር መማር ብቻ ሆኖ ቀረ።

የክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ዶክትሬት የተባለው የሙያ ዲግሪ ለዚህ ክፍተት የቀረበ መልስ ነው። በኒው ጀርሲ የራትገርስ፣ በጋልቬስተን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቅርንጫፍ፣ በካንሳስ ደግሞ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል መርሐ ግብሩን ከፍተዋል። ተማሪው ልምድ ያለው የላቦራቶሪ ሳይንቲስት ነው። ከትምህርቱ በተጨማሪ በሆስፒታል ሪዚደንሲ ያልፋል፤ ከሐኪሞች ጋር ታካሚ ይጎበኛል፣ በምርመራ ምርጫና በውጤት ትርጉም ላይ ያማክራል። በ2023 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለላቦራቶሪ ኃላፊነት የሚያበቃውን ዶክትሬት ሲተረጉም ከባችለር በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ በውስጡም ከላቦራቶሪ ምርመራ ጋር የተያያዘ ምርምር ወይም በክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የላቀ ጥናት ጠይቋል።

ብሪታንያ በሌላ መንገድ ሄደች። የባዮሜዲካል ሳይንስ ተቋም ሥሩ እስከ 1912 ድረስ ይሄዳል። በ2010 የወጣው የጤና ሳይንቲስቶች የሙያ ማሻሻያ ፖሊሲ ደረጃዎቹን ከታች እስከ ላይ ዘረጋ። በ2011 ማስተርስን ከሆስፒታል ሥልጠና ጋር ያጣመረ የሦስት ዓመት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ለአማካሪ ሳይንቲስትነት የሚያበቃ የአምስት ዓመት ከፍተኛ ሥልጠና ተከተለ። ሠልጣኙ በሥልጠናው ከሚያገኘው ዶክትሬት ጎን ሐኪሞችም የሚወስዱትን የፓቶሎጂ ኮሌጅ ፈተና ይወስዳል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው ዲግሪ ሳይኖር የተሠራው ሥራ ነው። ብሪታንያ ከ2001 ጀምሮ በማኅፀን በር ሴል ምርመራ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በተወሰኑ የቲሹ ናሙናዎች ላይ ባዮሜዲካል ሳይንቲስቶች ራሳቸው ሪፖርት ጽፈው እንዲፈርሙ የሚያበቃ ሥልጠናና ፈተና አዘጋጅታለች። በመጀመሪያ ሥራው ተወሰነ፤ ከዚያ ለሥራው የሚመጥን ፈተና ተዘጋጀ። አሜሪካ ዲግሪውን ቀድማ ሠርታ ቦታ ስትፈልግለት፣ ብሪታንያ ቦታውን ቀድማ ሠራች።

አቡ ዳቢና አል አይን፦ ከክሊኒክ እስከ ጂኖም

በአል አይን ዘመናዊ ሕክምና የተጀመረው በ1960 አሜሪካውያኑ ኬኔዲ ባልና ሚስት በከፈቱት የኦኤሲስ ሆስፒታል ነው። በ1976 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተመሠረተ፤ በ1979 ተዋም ሆስፒታል ሥራ ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚህም አል አይን ሆስፒታል፣ ኮሌጅና የምርምር ዲግሪ በአንድ ሰፈር የሚገናኙባት ከተማ ሆነች። በ1988 የተመሠረቱት ከፍተኛ የቴክኖሎጂ ኮሌጆች ደግሞ የአገሪቱን ዜጎች በባችለር ደረጃ የላቦራቶሪ ሙያ ያሠለጥናሉ።

አቡ ዳቢ ከተማ ላይ ዕድገቱ ከ2007 በኋላ ፈጠነ። የመንግሥት ሆስፒታሎች በሴሃ ኩባንያ ሥር ተሰበሰቡ፤ በ2015 ክሊቭላንድ ክሊኒክ አቡ ዳቢ፣ በ2019 ሼክ ሻክቡት ሜዲካል ሲቲ ሥራ ጀመሩ። ትላልቆቹ ላቦራቶሪዎች የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅን እውቅናና አይሶ 15189 የተባለውን የጥራት ደረጃ መያዝ የተለመደ አደረጉት።

የሰው ኃይሉ ፈቃድ የሚመራው ከ2014 ጀምሮ የፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር፣ አቡ ዳቢና ዱባይ በጋራ ባወጡት የሙያ ብቃት መስፈርት ነው። ከውጭ የሚመጣው ባለሙያ ዲግሪው፣ የሥራ ልምዱና የአገሩ ፈቃድ ዳታፍሎው በተባለው አጣሪ ድርጅት በኩል ከምንጩ ይጣራል፤ ለአቡ ዳቢ የጤና መምሪያም ፒርሰን ቪው በተባለው የፈተና ማዕከል በኮምፒውተር ይፈተናል። በወንበር ላይ ለሚሠራው ባለሙያ የተለመዱት ማዕረጎች ሁለት ናቸው፦ በባችለር ዲግሪ ቴክኖሎጂስት፣ በዲፕሎማ ቴክኒሻን። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ለወንበር ሠራተኛው በግልጽ የተጠረገ መንገድ የለውም። ኃላፊነቱ ወደ ፓቶሎጂስቱ፣ የክፍል አስተዳደሩ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ይሄዳል።

ጎረቤት ሳዑዲ ዓረቢያ በዚህ ረገድ ትለያለች። በ1992 የተቋቋመው የጤና ልዩ ሙያዎች ኮሚሽን ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን ከዲግሪያቸው ጋር አያይዞ ያስቀምጣል፦ ባችለር ያለው ስፔሻሊስት፣ ማስተርስ ያለው ከፍተኛ ስፔሻሊስት፣ ፒኤችዲና ልምድ ያለው አማካሪ ይባላል። ደረጃው ግልጽ በመሆኑ ሰው ለምን እንደሚማር ያውቃል። ችግሩ መለኪያው የምርምር ዲግሪ መሆኑ ነው። በአንድ ፕሮቲን ላይ አራት ዓመት የተመራመረ ሳይንቲስት ለሐኪም የደም መርጋት ምርመራ ለማማከር ተዘጋጅቷል ማለት አይቻልም።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው ባለሙያ

በኢትዮጵያ የላቦራቶሪ ሳይንስ ተቋማዊ መሠረት የያዘው በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ተቋም ነው። ተቋሙ በ1960ዎቹ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋምነት ተለወጠ፤ ከብዙ ሽግሽግ በኋላ የዛሬው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አካል ሆኗል። ሙያው ለረጅም ጊዜ በዲፕሎማ ደረጃ ቆይቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ባችለር አደገ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንስ በሄማቶሎጂና ኢሚዩኖሄማቶሎጂ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ እንዲሁም በላቦራቶሪ አስተዳደርና ጥራት ማረጋገጥ ማስተርስ ይሰጣል።

በጥራት በኩልም ኢትዮጵያ ሩቅ ተጉዛለች። በ2008 ላቦራቶሪዎችን ስለማጠናከር ከወጣው የማፑቶ መግለጫ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ ላቦራቶሪዎችን በአምስት ኮከብ የሚመዝን መርሐ ግብር ዘረጋ፤ በ2011 የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበር መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ ተመሠረተ። ዲግሪና ኃላፊነትን በማገጣጠምም አገሪቱ የራሷ ተሞክሮ አላት። በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማኅፀን ሕክምና ማስተርስ ለጤና መኮንኖች ትምህርቱን ከነሥልጣኑ ሰጣቸው፤ ተመራቂው ወደ ገጠር ሆስፒታል የሄደው ኦፕራሲዮን ሊሠራ ነው።

ለላቦራቶሪው ሰው ግን እንዲህ ያለ ማጣመር አልተደረገለትም። ማስተርስ የያዘው በብዛት ወደ ማስተማር፣ ወደ ምርምር ወይም ወደ ጥራት አስተዳደር ያመራል፤ ከታካሚው ጉዳይ ይርቃል እንጂ አይቀርብም። ይኸው ባለሙያ ወደ አቡ ዳቢ ወይም ወደ አል አይን ሲሄድ ፈቃዱ የሚታየው በዋናነት በባችለሩና በልምዱ ነው። በአገሩ የደም ባንክ ክፍል የመራ ሰው ከመሣሪያው ጋር ወደሚውል ቴክኖሎጂስትነት ይመለሳል። ብዙዎች የአሜሪካ ክሊኒካል ፓቶሎጂ ማኅበር ለውጭ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ምስክር ወረቀት የሚይዙት ለዚህ ነው፤ ከአገር አገር ሊነበብ የሚችል መታወቂያ ይሆናቸዋል።

ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም የሙያ ዶክትሬት ይስፋፋ የሚለው ነው። ደጋፊዎቹ የምርመራ ዓይነት በሺዎች መቆጠሩን፣ ሐኪሙ ሁሉንም ሊያውቅ አለመቻሉን፣ ፓቶሎጂስቶችም ጥቂት መሆናቸውን ያነሣሉ። የሆስፒታል ፋርማሲስቱ ከመድኃኒት መደርደሪያ ወጥቶ ከሐኪሞች ጋር ታካሚ መጎብኘቱን ምሳሌ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው አቋም ፓቶሎጂስቱና የቦርድ ምስክርነት ያለው ፒኤችዲ ሳይንቲስት ይበቃሉ ይላል። በሕግ የሚጠየቀው ሐኪሙ ስለሆነ ምክሩም ከእርሱ መምጣት አለበት ባዮች ናቸው። ሌላ ዶክተር መጨመር በታካሚውም በሕጉም ዘንድ የኃላፊነት መደናገር ያመጣል ብለው ይሰጋሉ።

ሦስተኛው አቋም ከራሱ ከሙያው ውስጥ የሚነሣ ነው። ላቦራቶሪዎች በሰው እጥረት ሲቸገሩ ልምድ ያላቸውን ባለሙያዎች ለሦስት ዓመት ትምህርት መላክ ወንበሩን ባዶ ያደርገዋል፤ የልዩ ሙያ ምስክር ወረቀትና የተሻለ ደመወዝ ይቀድማል ይላል። ይህ ወገን የነርሶችን ተሞክሮ ይጠቅሳል። በ2004 የአሜሪካ የነርስ ኮሌጆች ማኅበር ከፍተኛ ክሊኒካል ነርሶች እስከ 2015 ወደ ሙያ ዶክትሬት እንዲሸጋገሩ ጠይቆ ነበር፤ ግቡ በተባለው ጊዜ አልተሳካም።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ መያዝ አለበት። በአሜሪካ የፋርማሲ ዶክትሬት ወደ ሙያው መግቢያ ዲግሪ ነው፤ የላቦራቶሪው ዶክትሬት ግን ልምድ ላላቸው ጥቂት ባለሙያዎች የታሰበ የላይኛው ደረጃ ነው። የሦስተኛው አቋም ተከራካሪዎች ዲግሪው ለሁሉም ግዴታ የሚሆን መስሏቸው ከፈሩት፣ ስጋቱ የሚመለከተው ያልቀረበ ሐሳብ ነው።

ማስረጃው ምን ያህል ይሸከማል?

በዚህ ክርክር ደጋግሞ የሚጠቀሰው ቁጥር 70 በመቶ ነው፦ የሕክምና ውሳኔዎች 70 በመቶ የሚሆኑት በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ይመሠረታሉ ይባላል። ቁጥሩ በ1996 ከማዮ ክሊኒክ በወጣ ጽሑፍ ተሰራጭቷል፤ በ2011 ምንጩን የመረመረው ሃልዎርዝ የተባለ ተመራማሪ ግን የሚደግፈው ጠንካራ ጥናት እንደሌለ አሳይቷል። ሙያው የራሱን ዋጋ ለማስረዳት በማይጸና ቁጥር ላይ መደገፉ ይጎዳዋል፤ በተለይ ከእርሱ የጸኑ ማስረጃዎች እያሉ።

በ2013 የታተመ የ42 ጥናቶች ጥምር ትንተና ከታዘዙት ምርመራዎች በአማካይ 20.6 በመቶ ያህሉ አላስፈላጊ እንደነበሩ፣ መታዘዝ ከነበረባቸው ደግሞ 44.8 በመቶ ያህሉ ሳይታዘዙ እንደቀሩ አሳይቷል። ትርፉን ብቻ መቁረጥ ችግሩን አይፈታም ማለት ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች መጠይቅም ሐኪሞቹ ምርመራ ከሚያዝዙባቸው ጉብኝቶች በ14.7 በመቶው የትኛውን እንደሚያዝዙ፣ በ8.3 በመቶው ደግሞ ውጤቱን እንዴት እንደሚተረጉሙ እርግጠኛ እንደማይሆኑ ገልጿል። ላቦራቶሪውን ደውለው የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው።

ከጣሊያን ፓዶቫ የወጡት ሁለት ጥናቶች ስሕተቱ የት እንደሚገኝ ያመለክታሉ። በ1997 በታተመው ጥናት ከተመዘገቡት የላቦራቶሪ ስሕተቶች 68.2 በመቶ፣ በ2007 በታተመው ደግሞ 61.9 በመቶ የተፈጠሩት ናሙናው መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው፤ በመሣሪያው ላይ የተፈጠሩት በሁለቱም ጊዜ ከ16 በመቶ በታች ናቸው። ላቦራቶሪዎች ግን አብዛኛውን ቁጥጥራቸውን ያከማቹት በመሣሪያው ዙሪያ ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች የምክር ክፍተት መኖሩን ያስረዳሉ። ክፍተቱን የሚሞላው ዶክትሬት ያለው ሳይንቲስት መሆን አለበት ወይ የሚለውን ግን በራሳቸው አይመልሱም። በአሜሪካ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም በጋልቬስተን የተስፋፉት የምርመራ አማካሪ ቡድኖች በደም መርጋትና በመሳሰሉት ዘርፎች የጽሑፍ ትርጉም ለሐኪሙ እንደሚጠቅም አሳይተዋል፤ ቡድኖቹ ግን ፓቶሎጂስትን፣ ሳይንቲስትንና ሐኪምን ያጣመሩ ናቸው። ጥቅሙ ከዲግሪው ይምጣ ወይስ ከቡድኑ አሠራር ለመለየት የሙያ ዶክትሬቱ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ቁጥር ትንሽ ነው።

ጂኖሙ ያመጣው ግፊት

በአቡ ዳቢ ጥያቄውን አጣዳፊ ያደረገው የጂኖም ሥራው ነው። የኤምሬቶች የጂኖም መርሐ ግብር የአንድ ሚሊዮን ዜጎችን ጂኖም ለማንበብ አልሟል፤ በ2023 የወጣው ፌዴራል ሕግም የጂኖም መረጃ አጠቃቀምን ደንግጓል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በአቡ ዳቢ ለሚጋቡ ዜጎች የዘረመል ምርመራ ግዴታ ሆኗል። ምርመራው 570 ጂኖችን በማየት ከ840 በላይ የዘር በሽታዎችን ይለያል፤ በአቡ ዳቢ፣ በአል አይንና በአል ዳፍራ ባሉ 22 ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል፤ ውጤቱ በ14 ቀናት እንዲደርስ ታስቧል።

አስቸጋሪው ነገር ትርጉሙ ያልታወቀ የጂን ለውጥ ሲገኝ ነው። አዎንታዊ ነው ወይም አሉታዊ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሊጋቡ ቀን ለቆረጡ ሁለት ሰዎች ያልተረጋገጠ ነገር በጥንቃቄ መነገር አለበት። የዘረመል አማካሪው ከተጋቢዎቹ ጋር ይነጋገራል፤ ለአማካሪው የሚደርሰው ሪፖርት ትክክለኛ እንዲሆን ግን ላቦራቶሪው ውስጥ ማስረጃውን የሚመዝን፣ የምርመራውን ገደብ የሚያውቅና በፊርማው የሚጠየቅ ሳይንቲስት ያስፈልጋል። መለፊ የተባለው የአቡ ዳቢ የጤና መረጃ ልውውጥ ሥርዓትም ከ2019 ጀምሮ የታካሚን ውጤት ከተቋም ወደ ተቋም ያሸጋግራል። በአል አይን የተሠራን ውጤት በአቡ ዳቢ ያለ ሐኪም ሲያነበው የሁለቱ ላቦራቶሪዎች መለኪያ ይመሳሰል እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ያልተፈቱ ነጥቦች

አንደኛ፣ ፊርማው ነው። አይሶ 15189 የላቦራቶሪ ኃላፊው የተወሰነ ብቃትና ሥልጣን እንዲኖረው ይጠይቃል እንጂ የትኛውን ዲግሪ እንደሚይዝ አይወስንም። ውሳኔው ለየአገሩ ሕግ የተተወ በመሆኑ የአቡ ዳቢ የጤና መምሪያ የራሱን መንገድ ለመቅረጽ ነፃነት አለው።

ሁለተኛ፣ ዲግሪው ድንበር ሲሻገር የሚሆነው ነው። የሙያ ዶክትሬት የተሠራው ለአንድ አገር ሥርዓት ነው። ከካንሳስ የመጣ ዶክትሬት በአል አይን እንደ ፒኤችዲ ይቆጠራል ወይስ እንደ ስፔሻሊስት ምስክር ወረቀት የሚለው አስቀድሞ ካልተመለሰ ባለሙያው ከፍሎ ተምሮ ወደነበረበት ማዕረግ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ማን ሊማር ይችላል የሚለው ነው። መንገዱ ለዜጎች ብቻ ከተከፈተ ሌሊቱን ሙሉ ወንበሩን የያዘው አብዛኛው የውጭ ባለሙያ ከደረጃው ውጭ ይቀራል። ለሁሉም ከተከፈተ ደግሞ ወጪውንና ከሥራ የሚነሣበትን ጊዜ የሚሸፍነው አሠሪ መታወቅ አለበት።

ቅደም ተከተሉ

ከሁሉም ተሞክሮ የሚወጣው ትምህርት አንድ ነው፦ ሥልጣን ያልተቆረጠለት ዲግሪ ማዕረግ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሥልጣን ተቆርጦ ትምህርት ካልተሰጠ ደግሞ ታካሚ ይጎዳል። ሳዑዲ ዓረቢያ ደረጃውን ሠርታ መለኪያውን ከምርምር አያያዘችው፤ አሜሪካ ዲግሪውን ሠርታ ሕጉን ለዓመታት ጠበቀች፤ ብሪታንያ ሥራውን ወስና ፈተናውን አስከተለች። የጠራው የብሪታንያ ቅደም ተከተል ነው። የኢትዮጵያ የጤና መኮንኖች ማስተርስም በራሱ መንገድ ይህንኑ አሳይቷል።

አል አይን ለዚህ የሚሆን ቤት አላት። በ2014 የተቋቋመው የጤና ልዩ ሙያዎች ብሔራዊ ተቋም መቀመጫው እዚያው የኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የልዩ ሙያ ሥልጠናና የቦርድ ምስክርነትን ማደራጀት ሥራው ነው። በመጀመሪያ የጤና መምሪያው ላቦራቶሪ ሳይንቲስቱ በራሱ ፊርማ ሊሠራቸው የሚችላቸውን ሥራዎች ይዘርዝር፤ የሄሞግሎቢን በሽታዎች ትርጉም፣ የደም መርጋት ምክርና የጂን ለውጥ ምዘና ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ቀጥሎ ለእነዚህ ሥራዎች የሆስፒታል ልምምድና የቦርድ ፈተና ይዘጋጅ፤ ለዜጋም ለውጭ ባለሙያም እኩል ክፍት ይሁን። ዶክትሬቱ በዚህ ላይ ከተገነባ ተመራቂው በመጀመሪያው ቀን የሚፈርምበት ሥራ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባና ጎንደር ያሉ የማስተርስ መርሐ ግብሮችም የሆስፒታል ምክርን ከወዲሁ ቢያካትቱ ተማሪዎቻቸው በአገራቸውም ሆነ በባሕረ ሰላጤው ከቴክኖሎጂስትነት በላይ የሚያስቆጥር ብቃት ይዘው ይወጣሉ። የላቦራቶሪ ሳይንቲስቱ ክብር የሚረጋገጠው ምክሩ ሲጠየቅና ለምክሩም ተጠያቂ ሲሆን ነው፤ ዲግሪውም መለካት ያለበት በዚህ ነው።